የማንጎ ወይንና የአከራዬ ጆሮ

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ ሳለ ከጠረጴዛዬ ሥር ቡልቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ዝም አለና ደገመው። ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ጎንበስ አልኩ። ቢጫው ጀሪካን ክዳኑ ላይ ቀጭን የግሉኮስ ቱቦ ተሰክቶለት፣ የቱቦው ሌላ ጫፍ ውሃ በያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ተነክሮ፣ እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሰው በዝግታ ይተነፍሳል። ሽታው ወደ ላይ መጣ። የበሰለ ማንጎ ነው፤ ግን ማንጎ ብቻ አይደለም። የእርሾም፣ ዝናብ የመታው ቅጠልም ሽታ አለበት። በእጄ የያዝኩትን ወረቀት ሳልጨርሰው ቀረሁ።

ስለዚህ ድምፅ ልንገራችሁ።

የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ነው። ከኮሌጅ ወጥቼ ጂንካ ሳይንስ ማስተማር በጀመርኩበት በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ግቢው ከድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ብዙ አይርቅም፤ መሐሉ ላይ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ነበረው። ወቅቱ ሲደርስ ፍሬው በቆርቆሮው ጣራ ላይ እየወደቀ የትምህርት ዕቅድ ከምጽፍበት ያስበረግገኝ ነበር። ኳ ይላል፤ ከዚያ ጣራው ላይ ይንከባለላል፤ ከዚያ ጭቃው ላይ ዷ ብሎ ያርፋል። ጠዋት በሬን ስከፍት ግቢው በሙሉ ቢጫና ቀይ ፍሬ ተነጥፎበት፣ ንቦች ሲያንዣብቡበት አገኘው ነበር።

ቀጥላ ያለችውን ክፍል የሒሳብ መምህሩ ነበር የተከራያት። ከሰሜን ተመድቦ የመጣ፣ ጂንካ አራት ዓመት የቆየ፣ ቀልዱ የማያልቅበት ሰው ነበር። እኔ ደግሞ ያኔ ዓለምን በሙሉ በአምስት ንዑስ ርእስ ከፍዬ ነበር የማየው፦ ዓላማ፣ የሚያስፈልጉ ነገሮች፣ አሠራር፣ ምልከታ፣ ማጠቃለያ። ሻይ ሳፈላ እንኳ ስኳሩ መጀመሪያ ሲገባና መጨረሻ ሲገባ ያለውን ልዩነት ለጠጪው አስረዳ ነበር።

«ይሄ ሰው» ይል ነበር የሒሳብ መምህሩ ለሌሎቹ መምህራን፣ «ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ ዓላማ ጽፎ ነው የሚነሣው።»

አከራያችን ስድሳውን ያለፉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። እማማ እንላቸው ነበር። ከቤተ ክርስቲያን እህቶቻቸው ጋር በአሪኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራሉ። ክፍሉን ሊያሳዩኝ በሩን በከፈቱበት ቀን የግቢያቸውን ሕግ ነገሩኝ።

«በዚህ ግቢ ሲጋራ የለም፣ ጫት የለም፣ መጠጥ የለም። ማንጎ ግን ከወደቀ የሁላችንም ነው።»

ከኩሽናው በስተጀርባ በግማሽ የተሰበሩ ትልልቅ ጋኖች በሰልፍ ተቀምጠው፣ ቃሪያና ጤና አዳም ተተክሎባቸው ነበር። እኔ ጥሩ የአትክልት ሐሳብ ነው ብዬ ለተማሪዎቼ በምሳሌነት ሁሉ ጠቅሼዋለሁ። ታሪካቸውን የነገረኝ የሒሳብ መምህሩ ነው። እማማ በወጣትነታቸው የጂንካ ስመ ጥር ጠጅ ጣይ ነበሩ። ከዲመካም ከሃናም ለሥራ ወደ ከተማ የመጣ ሰው ጉዳዩን ሳይጨርስ መጀመሪያ እሳቸው ቤት ጎራ ይል ነበር አሉ። ወንጌልን ያመኑ ዕለት ጋኖቹን አንድ በአንድ በመዶሻ መቱ። የተረፈውን ግማሽ ግማሽ ጋን ደግሞ መጣሉ አሳዘናቸውና አፈር ሞሉበት።

ከዚያ ወዲህ የቤተ ክርስቲያናቸው ሠርግ ሲኖር ብርዝ የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ። ብርዝ ማርና ውሃ ነው፤ ጠጅ ሳይሆን በፊት ለማይጠጣ ሰው የሚቀርብ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን ትንሽ ከቆየ ራሱ መፍላት ይጀምርና ወደ ጠጅነቱ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሥራው የሚሰጠው ለታመነ ሰው ነው። ለቀድሞዋ ጠጅ ጣይ ማር በባልዲ ሙሉ አምኖ መስጠት ምን ማለት እንደ ሆነ እማማ ያውቁ ነበር። የሠርጉ ሳምንት ሲደርስ አረማመዳቸው እንኳ ይለወጥ ነበር።

በዚያ ዓመት መጨረሻ የሒሳብ መምህሩ ዝውውር ተፈቀደለት። ወደ አገሩ ሊመለስ ነው። አንድ ቀን ከዛፉ ሥር ቁጭ ብለን ማንጎ እየበላን፣ ጭማቂው እስከ ክርናችን እየወረደ፣ «አራት ዓመት ሙሉ ይሄን ማንጎ በላሁት» አለኝ። «ሳልሄድ አንድ ቀን በብርጭቆ ብታጠጣኝ ምን አለ? ሳይንስ ነው የምታስተምረው ይባላል።»

እሱ ቀልዱን ነበር። እኔ ግን ክፍሌ ገብቼ ደብተር አወጣሁና ከላይ «ዓላማ» ብዬ ጻፍኩ።

በማግሥቱ ፈቃድ ልጠይቅ እማማ ዘንድ ሄድኩ። ደብተሬን ይዤ፣ ስለ ስኳርና ስለ እርሾ አንድ ክፍለ ጊዜ የሚሆን ገለጻ ሰጠኋቸው። ጎመን እየቀነጠሱ በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ «ይሄ ነገር መጠጥ ነው?» አሉኝ።

«አሁን ጭማቂ ነው።»

«ሲደርስስ?»

«ሲደርስ… መጠጥ ይሆናል።»

«እንግዲያው የደረሰ ዕለት ከግቢዬ ይውጣ» አሉ።

በሳይንሱ ግን መጠጥነቱ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ቡልቅታ ነው። ይህን አላስረዳኋቸውም። በሕይወቴ ሳላስረዳ ያለፍኩት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሥራውን የጀመርነው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የሒሳብ መምህሩ ከገበያ ስኳርና የዳቦ እርሾ ይዞ መጣ፤ ቱቦውን እኔ ከመድኃኒት ቤት ገዛሁ። ማንጎውን ሦስት ጊዜ አጠብኩ። ልጣጩን ልጬ ጣልኩ፤ ሥጋውን ጨምቄ በነጭ ጨርቅ አጠለልኩ። ከዚያም ንጹሕ እንዲሆንልኝ ጭማቂውን በከሰል ላይ አስቀምጬ እስኪንተከተክ አፈላሁት። ግቢው የማርማላታ ፋብሪካ መሰለ። ከሰዓት በኋላ የወላጆች ስብሰባ ስለ ነበረብኝ ቸኮልኩና፣ ትኩሱን ጭማቂ ጀሪካኑ ውስጥ ገልብጬ፣ እርሾውን በላዩ ነስንሼ፣ ቱቦውን ሰክቼ ሄድኩ።

ሦስት ቀን አንድም ድምፅ አልተሰማም። ደብተሬ ላይ «ምልከታ» በሚለው ሥር «ምንም» የሚል ቃል ሦስት ጊዜ ተጽፏል፤ አሁንም አለኝ። የሒሳብ መምህሩ በክፍሌ በኩል ባለፈ ቁጥር አንገቱን አስግጎ፣ «ወይንህ ጸሎት ላይ ነው?» ይለኝ ነበር። እስከ ዛሬም ድረስ፣ ማንጎ ሲደርስ ስልክ ይደውልልኝና ከሰላምታ በፊት የሚጠይቀኝ ይኸንኑ ነው።

በአራተኛው ቀን እማማ ራሳቸው መጡ። ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አደረጉ፤ ተንበረከኩ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጆሯቸውን ብቻ ጀሪካኑ ላይ አስጠጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ።

«ሞቷል» አሉ።

«ምኑ?»

«እርሾው ነዋ። መቼ ጨመርከው?»

«እንዳወጣሁት። ትኩስ እያለ።»

«ትኩስ እያለ» ብለው ቃሌን ደገሙት። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሙቀት ረቂቅ ተሕዋስያንን እንደሚገድል በሰሌዳ ላይ ሥዕል ሠርቼ አስተምሬ ነበር። ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ።

«እማማ» አልኳቸው ነገሩን ለማስቀየስ፣ «ይህን መስማት አይከለከልም?»

ጉልበታቸውን እያራገፉ ተነሡ። «አፌንና እጄን ለጌታ ሰጥቻለሁ» አሉኝ። «ጆሮዬን አልጠየቀኝም።»

ምን ማድረግ እንዳለብኝ ግን አልነገሩኝም፤ መንገር መሥራት ይሆንባቸው ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ፊቴን እየታጠብኩ ሳለሁ ለዶሯቸው ጥሬ ሲበትኑ አየኋቸው። ድምፃቸውን ከወትሮው ከፍ አድርገው ነበር።

«አንቺ ዶሮ» አሉ። «ሰው ምን ያህል ይደክማል መሰለሽ። ልጣጩን ይጥለዋል። ሕይወቱ ያለው እኮ ልጣጩ ላይ ነው። ከዛፉ የተቀጠፈ አምስት ስድስት ማንጎ፣ ሳይታጠብ፣ ከነልጣጩ ተቆራርጦ ቢገባበት ጥሩ ነበር። ግን ለማን ይነገራል?»

ዶሮዋ ጥሬዋን ለቀመች። እኔ ሳሙና በዓይኔ እንደ ገባ ቆምኩ። ሳይታጠብ! ዓመቱን ሙሉ እጃችሁን ታጠቡ፣ ፍራፍሬ ታጠቡ እያልኩ ነው የኖርኩት። ግን ዛፉ ላይ ወጣሁ። ስድስት ማንጎ ቀጠፍኩ፤ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አይቼ፣ ሳላጥብ ቆራርጬ ጨመርኩ።

በሦስተኛው ቀን እርማት ላይ እያለሁ ሰማሁት። ቡልቅ። ወንበሬን ገልብጬ ተነሣሁ። የሒሳብ መምህሩን በሩን ደብድቤ ጠራሁት፤ ሁለታችንም ወለሉ ላይ በደረታችን ተኝተን ጠርሙሱን አፍጥጠን አየን። ትንሽ የአየር ኳስ ከቱቦው ጫፍ ብቅ አለች፤ አበጠች፤ ፈነዳች። የሒሳብ መምህሩ ሰዓቱን አውጥቶ መቁጠር ጀመረ። ልጅ የወለደ ሰው እንኳ እንደዚያ የሚደሰት አይመስለኝም። ወደ ውጭ ስወጣ እማማ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር።

«ተናገረ?» አሉኝ።

«ተናገረ እማማ።»

«እኔ ምንም አላልኩም» አሉ። «ለዶሮዋ ነው የነገርኳት።»

ቀጥሎ ዝናቡ ከበደ። ክፍሌ ወለሉ ሲሚንቶ ስለ ነበር ቀዝቃዛ ነው፤ ድምፁ እየራቀ ሄደ። በሁለት ደቂቃ አንዴ፣ በአምስት ደቂቃ አንዴ። ለስንብቱ እንደማይደርስ ገባኝና ፊቴ ጠቆረ መሰለኝ፤ እማማ አይተውኝ፣ «ተሸክመህ ኩሽናዬ አስገባው፤ እሳቱ አጠገብ» አሉ። እሳቸው አልነኩትም። እኔ ተሸክሜ አስገባሁት፤ ጋቢዬን አለበስኩት።

የሒሳብ መምህሩ ይህን ሲያይ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም። «አንተ ሰውዬ» አለኝ፣ «ይሄ ነገር እዚያ ቢገኝ አንተ ትስቃለህ፤ እሳቸው ግን ብርዙን ያጣሉ። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ልጅ ሠርግ እኮ በሚቀጥለው እሑድ ነው።»

እውነቱን ነበር። ላወጣው ብዬ ተነሣሁ። ዝናቡ ግን እንደ ባልዲ ይገለበጥ ነበር፤ ሲያባራ አልኩ። ሳያባራ ሽማግሌው መጡ።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ረጅም፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ቦቲ ጫማ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ከቅዳሜ ገበያ መመለሳቸው ነው። ለልጃቸው ሠርግ ብርዝ የሚሆነውን ማር በነጭ ባልዲ ይዘው፣ ጃንጥላቸውን በር ላይ አቁመው፣ «ሰላም ለዚህ ቤት» ብለው ቀጥታ ኩሽናው ውስጥ ገቡ። እኔ እሳቱ አጠገብ ነበርኩ። እማማ በርጩማ አቀረቡላቸው። ሽማግሌው ስለ እንግዶቹ፣ ከገዘር ስለሚመጡት ዘመዶች እያወሩ ሳለ ከጋቢው ሥር ቡልቅ አለ።

ንግግራቸውን አቆሙ። ጀሪካኑ ግን ዝም አላለም።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ሽማግሌው።

ተነሣሁ። «ሙከራ ነው። በመሠረቱ ስኳር በእርሾ አማካይነት…»

እማማ መዳፋቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«የመምህሩ የማንጎ ወይን ነው» አሉ እማማ። «ክፍሉ ቀዘቀዘበት። እዚህ አስገባው ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ቀምሰሽዋል?»

«አልቀመስኩም። በእጄም አልነካሁትም።»

«መጠጥ መሆኑን ግን አውቀሻል።»

«ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?» አሉ እማማ። «ገና ሲጀምር አውቄያለሁ። ልጁ ግን ለጓደኛው ስንብት ነው የሚሠራው። ሲሠራ ደስ ብሎት ነበር፤ ደስታውን ላፈርስበት አልፈለግኩም።» ከዚያ የማሩን ባልዲ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ሽማግሌው ገፋ አደረጉት። «ብርዙን ሌላ ሰው ይሥራው ካልክ፣ ይኸው። አልቀየምህም።»

ያኔ ነው ያ ባልዲ ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ።

ሽማግሌው ያልጠበቅኩትን አደረጉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ያንን ረጅም ቁመታቸውን አጥፈው ተንበረከኩ፤ ጆሯቸውን ጋቢው ላይ አስጠጉ። እንደ ሐኪም ነበር የሚያዳምጡት።

«ሰኞ ይደርሳል» አሉ።

«ማክሰኞ» አሉ እማማ።

«ሰኞ ነው። እኔ እኮ ያንቺን ጋን ስንት ዓመት የሰማሁ ሰው ነኝ።»

«አንተ የሰማኸው ብርሌውን ነው» አሉ እማማ።

ሽማግሌው እንደ ተንበረከኩ ሳቃቸው አመለጣቸው። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ እማማም አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እኔ መሳቅ ይፈቀድልኝ እንደ ሆነ ሳላውቅ ሁለቱን ሳያቸው ቆየሁ። በመጨረሻ ሽማግሌው ዓይናቸውን እየጠረጉ ተነሡና ባልዲውን ወደ እማማ መልሰው ገፉት።

«ይሄ ጆሮሽ ባይኖር የልጆቻችን ሠርግ ብርዝ ሁሉ ጠጅ ሆኖ ነበር የሚጠጣው። ለማን ልስጠው?» አሉ። ወደ እኔም ዞረው፣ «መምህር፣ የደረሰ ዕለት ግን ከዚህ ግቢ ይውጣ።»

ሰኞ ሲተነፍስ ዋለ። ማክሰኞ ጠዋት ዝም አለ። እማማ አዳመጡትና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔና የሒሳብ መምህሩ ጀሪካኑን ግራና ቀኝ ይዘን በበሩ አወጣነው።

ስንብቱ የተደረገው በማግሥቱ ሊሳፈር በዚያው ማክሰኞ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ጥግ ሣሩ ላይ ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ነበር። ወዲያ ማዶ ላሞች ይግጣሉ፤ ወዲህ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። አምስት ስድስት መምህራን በሻይ ብርጭቆ ቀዳን። ቀለሙ እንደ ደፈረሰ ወርቅ ነበር፤ አተላውም ሙሉ በሙሉ አልጠለለም። እማማ ከሠርጉ ማር ጥቂት አስፈቅደው የሠሩትን ብርዝ በጆግ ይዘው መጡና ትንሽ ራቅ ብለው ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ስንጎነጭ አፍ አፋችንን ያዩን ነበር።

«እንዴት ነው?» አሉ።

«በጣም ጥሩ ነው እማማ። ስኳሩ አብዛኛው ወደ አልኮል ተቀይሯል፤ የቀረው ደግሞ…»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

የሒሳብ መምህሩ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይዋ አንሥቶ አየ። እንደገና ቀመሰ። «እማማ» አለ፣ «አፍ ላይ ማንጎ ነው። ከዋጡት በኋላ ደግሞ ማንጎው ይሄድና እንደ ነበረ ብቻ ያስታውሳል።»

እማማ ብርዛቸውን ተጎነጩ። «እንግዲያው በደንብ ደርሷል» አሉ።

እማማ አሁን ገዘር ልጃቸው ዘንድ ናቸው። ግቢው ተሸጧል፤ ዛፉም የለም። ያ የዓርቡ ድምፅ አላስቀምጥ ስላለኝ ቅዳሜ ጠዋት ጀሪካኑን በጉልበቴ ላይ አቅፌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ፣ «ይሄ ነገር ነፍስ አለው እንዴ?» አለኝ፤ አዎ አልኩት።

ልጃቸው አስቀድማ በር ላይ ነገረችኝ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ጆሯቸው ጨርሶ አይሰማም። እማማ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጀሪካኑን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ልክ እንደ ድሮው ጆሯቸውን አስጠጉ። ቆዩ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ሞቷል?» አሉኝ።

አልሞተም። እየሰማሁት ነበር። ግን ምን ብዬ፣ በየትኛው ድምፅ ላስረዳቸው? እጃቸውን ያዝኩና መዳፋቸውን ጀሪካኑ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ ነው እጃቸውን ለማን እንደ ሰጡት ያስታወስኩት፤ እሳቸውም ሳያስታውሱ አልቀሩም፤ መዳፋቸውን ግን አላነሡም። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንሽ ቆይቶ በሌላኛው እጃቸው የእጄን አንጓ ያዙና፣ ወይኑ ቡልቅ ባለ ቁጥር በአንድ ጣታቸው መታ ያደርጉኝ ጀመር። አንድም አልሳቱም።

«ማክሰኞ» አሉ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ጠዋት ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ፤ ዝም ብሏል። አሁን የምኖርበት ግቢ ምንም ሕግ የለውም፤ የሚከለክለኝም ሰው የለም። ቢሆንም ጀሪካኑን ተሸክሜ በበሩ አወጣሁት።